ከደም ግፊት ክፍል አጠገብ ያለው በር

እስካሁን የጻፍኩላችሁ ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ጋራዥና ስለ ቁርስ ቤት ነበር። የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ሌላ ምን ይጽፋል? ዛሬ የምገመግመው ግን አይበላም፣ አይነዳም። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግስት ጤና ጣቢያ ያገኘሁትን የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ ነው። ቪሲቲ የምንለውን። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። ስሙን ከጠራሁ የማመሰግናት ሲስተርም፣ የምማረርበት ማህተም ያዥም ወዲያው ይታወቃሉ። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ፒያሳ ላይ ብታስነጥሱ ሆጤ ላይ "ይማርህ" የሚል አይጠፋም።

ነገሩ የመጣው በኒካ ነው። ከረመዳን በፊት ሊታሰር ቀን ተቆረጠ። የሰፈራችን ኢማም በሽማግሌዎቹ ፊት "ልጆቹ ተመርምረዋል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ለኛ ይህ አዲስ አይደለም። በእናቴ ወገን ያሉት ክርስቲያን ዘመዶቼም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሊጋቡ ሲሉ ይህንኑ ተጠይቀዋል። (ወሎ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ።) እኔ "ችግር የለም፣ ወረቀቱን አመጣለሁ" ብዬ ልገላገል ነበር። እጮኛዬ ግን "ወረቀት አታምጣልኝ፣ አብረን እንሄዳለን" አለች። የምትሠራው ጽህፈት መሳሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ ከኔ በላይ ታውቃለች።

እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼ ነበር። ሚኒባስ ከመያዜ በፊት የጅቡቲ መስመር ላይ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ገላፊ። ድንበሩ ላይ፣ ገላፊ፣ ወረፋ ይዞ ማደር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሙቀት አለ፣ መሰልቸት አለ፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ አለ። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። እጮኛዬም ታነበዋለች።

ይህ ሦስተኛ ምርመራዬ ነው፤ ስለዚህ የማወዳድርበት አለኝ። የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም. ነው፣ በሚሌኒየሙ የኤድስ ዘመቻ ጊዜ። 16 ዓመቴ ነበር። ድንኳን ተጥሎ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች ቲሸርት ለብሰው ይጠሩናል። ምክሩን ለአሥር ለአሥራ አምስታችን በአንድ ላይ ሰጡን። እኔና ጓደኞቼ "ማን ይጮሃል?" ተባብለን ተወራርደን ነበር፤ መርፌው ላይ ማለቴ ነው። ስለ ውጤቱ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ዕድሜ ምን ያሳስባል?

ሁለተኛው በ2010 ነው፣ በረዳትነት ዘመኔ። መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ፣ የግል ክሊኒክ። ሌላ ነገር አሞኝ ገብቼ "እግረ መንገዴን ያንንም እዩልኝ" አልኩ። ደም ቀዱ፣ ገንዘብ ተቀበሉ፣ "ውጭ ጠብቅ" አሉኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ያ ኤች አይ ቪ ያስመረመርከው!" ብሎ ተጣራ። ሰው የሞላበት አዳራሽ ነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት። ያነበብኩት መኪናው ውስጥ ነው። ነጌቲቭ ይላል። ምክር የሚባል ነገር የለም፤ "ሰሞኑን ተጋልጠህ ከሆነ ይህ ውጤት ገና ላያሳየው ይችላል" ያለኝም የለም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምርመራ የሚባል ነገር ሲነሳ ያ መስኮት ነው የሚታየኝ።

እንግዲህ ወደዚህኛው። መጀመሪያ ብቻዬን ቦታውን ልሰልል ሄድኩ። የሄድኩት ሰኞ ነው፣ ይህ የመጀመሪያ ስህተቴ። ሰኞ ገበያ የመጣ ገጠሬ ሁሉ ጉዳዩን ጨርሶ በዚያው ጤና ጣቢያ ጎራ ይላል። ግቢው ጢም ብሏል። ክፍሉ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሚኒባሴ ታፔላ በሚበልጥ ፊደል "የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ" ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል አለ። ለሁለቱም ክፍል የተቀመጠው አግዳሚ ወንበር አንድ ነው፤ ፊቱም ወደ ቀዩ ጽሑፍ ነው።

ቁጭ ከማለቴ ከጎኔ "ውይ! አንተ የኛ ሹፌር አይደለህም?" የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው። በሳምንት ሁለቴ ኮምቦልቻ ልጃቸው ጋ ይወርዳሉ፣ ሁሌ ጋቢና ነው የሚቀመጡት፣ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ደግሞ ጮክ ብለው ዱዓ ያደርጋሉ። የግፊት ኪኒናቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። "አንተም በዚህ ዕድሜህ ግፊት ጀመረህ ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አልኩ። ምን ልበል?

"ጨው ቀንስ። ነጭ ሽንኩርት በጠዋት በባዶ ሆድህ። ንዴት ደግሞ ተው፣ ስትነዳ አይሃለሁ።"

"እሺ" ብዬ፣ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ላሽ አልኩ። አንድ ሰው ኤች አይ ቪ ሊመረመር ሄዶ የደም ግፊት ታማሚ ሆኖ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ልቁም፤ የጤና ጣቢያው ዋና ጉድለት ይህ ነውና። የፈራሁት ውጤቱን ብቻ አልነበረም። ውጤቱን ሳላውቀው ሰው እንዳያውቀው ነው የፈራሁት። ሚኒባስ ሹፌር ፊቱ የሕዝብ ነው። በቀን ስንት ሰው ያየኛል። የክፍሉ ቁጥር ብቻ በሩ ላይ ቢለጠፍ ምን ይጎድላል? "9 ቁጥር ሂድ" ቢባል የሚሄድ ሰው ይሄዳል። ይህን በኋላ ለሲስተር ነግሬያት ነበር። "በቁጥር ብቻ ስናደርገው ደግሞ ሰዉ ክፍሉን እየጠየቀ ይዞራል፣ ይባስ ይታወቃል፤ ሲደበቅ ነው ነገሩ የሚያሳፍረው" አለችኝ። አባባሏ ትክክል ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ቢያንስ አግዳሚው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙርልን።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከእጮኛዬ ጋር ተመለስን። ሐሙስ ሌላ ዓለም ነው። ከፊታችን አንዲት ሴት ብቻ። ካርድ አውጡ አላሉንም፤ አምስት ሳንቲምም አልከፈልንም። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከአግዳሚው በተጨማሪ የተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ አንዱ ፕላስቲክ፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ የትምህርት ቤት። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ጤና ተቋሞቻችን ምን እንደደረሰባቸው የምታውቁ፣ ስለ ወንበር አታማርሩም። እኔም አላማርርም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ሲገባ ይሞላል። ጠረጴዛው ላይ ሶፍት፣ የኮንዶም ሳጥን፣ ማሳያ የምትሆን ከእንጨት የተጠረበች ነገር (እጮኛዬ አይታት ወዲያው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች)፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። ሲስተር በነጭ ጋዎኗ ላይ ጋቢ ደርባለች። የደሴ ብርድ ለጋዎን አያዝንም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን ከውስጥ መቆለፍ ነው። ቁልፉ ቀጭ ሲል ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ገለበጠችው። እኛም የኛን ገለበጥን።

"ለምን መጣችሁ?" አላለችም። "ዛሬ ምን አስባችሁ መጣችሁ?" ነው ያለችው። መዝገቡ ላይ ኮድ ቁጥር ጻፈች። እዚህ ክፍል የተነገረ እዚህ እንደሚቀር ነገረችን፤ መመርመር የማይፈልግ ካለ አሁንም ተነስቶ መሄድ እንደሚችል፣ ኢማሙም ቤተሰብም ማንም ሊያስገድደን እንደማይችል። ይህን ስትል እኔን ነው ያየችው። ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ጠየቀችን። እኔ የ2000 ድንኳን ተመራቂ ነኝ፣ ምን የማላውቀው አለ ብዬ ነበር። አንድ በአንድ አስጣለችኝ። በመልክ አይታወቅም፣ እሺ ይህን አውቃለሁ። ግን መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ከወረደና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ አላውቅም ነበር። ቫይረሱ ያለባት እናት ክትትል ካደረገች ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድ እንደምትችል በጨረፍታ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት እንዳለ ደግሞ ጭራሽ አልሰማሁም። ይህን ገላፊ ላይ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም እተኛ ነበር!

ስላለፈው ሕይወታችን ለመጠየቅ ለየብቻ አደረገችን። እጮኛዬ ወጣች፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ተገላበጥን። ያኔ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ሲስተር ግን ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። "የመጨረሻው መቼ ነበር? ኮንዶምስ?" ብቻ። መካኒክ "ዘይት መቼ ቀየርክ?" እንደሚለው። ያ አጠያየቅ ነው ያስወራኝ።

ሁለታችንም ተመልሰን ስንቀመጥ ያቺን ጥያቄ አመጣች። "በአንዳችሁ ተገኝቶ በሌላችሁ ባይገኝስ?"

እኔ ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ይላል። እጮኛዬ ትንሽ አሰበችና "መጀመሪያ እናደዳለሁ። በጣም። ከዚያ ነው የማስበው" አለች።

ሲስተር ሳቀች። "እዚህ ከሚነገረኝ ሁሉ እውነተኛው መልስ ይህ ነው። 'ምንም አይመስለኝም' የሚሉኝን ነው የምፈራው።" ወደኔ ዞረች። እኔ አሁንም ሰዓቱ ላይ ነኝ። "አብሽር፣ ጊዜ አለህ" አለችኝ። መልሴን እስካሁን አልሰጠሁም። እጮኛዬ ግን አልረሳችውም፤ እራት ላይ ትጠይቀኛለች።

ምርመራው ራሱ ኢምንት ነው። ጓንት አጠለቀች። የሁለታችንንም መውጊያ ፊት ለፊታችን ከማሸጊያው አወጣች። የቀለበት ጣቴን ጎን በአልኮል ጠረገች፣ ጠቅ፣ አለቀ። አንዲት ጠብታ ደም ወደ መመርመሪያው ኪት፣ ከላይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ። የመጀመሪያው ኪት ቢያሳይ እንኳ ያ ብቻውን ውጤት እንዳልሆነ፣ በሌላ ዓይነት ኪት ተደግሞ እንደሚረጋገጥ አስቀድማ ነገረችን። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ። ኪቶቹን በወረቀት ሸፈነቻቸው፤ እኔ ግን ወረቀቱን እያየሁ ነበር።

ያን ቀን ጉም ነበር። በመስኮቱ የጦሳ ተራራ አይታይም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሲኒ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አንዲት ሴት ነበረች። ቡና ሲፈላ ትጠራለች፤ እናቴ ሰው አታስቀርም። ግን የሷ ሲኒ ለብቻው ነበር፣ ጠርዟ የተሸረፈች። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም በዚያችው። ረከቦቱ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ሴትየዋ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ራሷ ተነስታ ከመስኮቱ አንስታ ስትመጣ አይቻለሁ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ እሷ አልደረሰችበትም። እናቴ ዛሬ ይህ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ሲስተር ዝም ማለቴን አይታ "ምን አሰብክ?" አለችኝ። "ሲኒ" አልኳት። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ሳላብራራላት ገባት። በሷ ዕድሜ ያለ የወሎ ሰው ሁሉ አንዲት ሲኒ ያውቃል መሰለኝ።

ደቂቃው ሲሞላ ወረቀቱን አልገለጠችም። "ዝግጁ ናችሁ? ለብቻ መስማት የሚፈልግ አለ?" አለች። አብረን አልን። ከዚያ ኪቶቹን ወደኛ አዞረችና መስመሩን እንዴት እንደሚነበብ አሳየችን። በሁለቱም ላይ አንድ መስመር። ቫይረሱ በሁለታችንም ደም ውስጥ አልተገኘም። እኔ ልነሳ ስል "ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም" አለችኝ። ባለፉት ሦስት ወራት የተጋለጠ ሰው ተመልሶ መጥቶ መመርመር እንዳለበት፣ ነጌቲቭ ማለት ክትባት ማለት እንዳልሆነ ነገረችን። ክሊኒክ መምጣት ለሚከብደው ሰው በድድ ላይ ተጠርጎ ራስን በራስ የሚመረምሩበት ኪትም አለ አለች። ያ ግን ሁለት መስመር ካሳየ ጤና ጣቢያ ሄዶ መረጋገጥ አለበት። ይህ ለድሮ የመስመር ጓደኞቼ ነው፤ አንብባችሁታል።

በአጠቃላይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከኛ ጋር ቆየች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ባዶ ጠረጴዛ አየሁና ጠየቅኳት። ሌላ አማካሪ ነበረች። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚህ ሥራ ላይ በኮንትራት የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል፤ ይህን በዜናም ሰምተናል። እሷም አንዷ ናት። ስለዚህ ሲስተር እረፍት ስትወጣ ወይም ሥልጠና ስትሄድ ክፍሉ ይዘጋል። ሳትደውሉ ወይ ሳትጠይቁ ከሩቅ አትምጡ።

አሁን ወደ ማህተሙ። ለኢማሙ ወረቀት ያስፈልገናል። ሲስተር ጽፋ ፈረመች። ማህተሙ ግን ሌላ ክፍል ነው። ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው መቼ ያልቃል? አይታወቅም። አንድ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ መጣ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ "ኤች አይ ቪ... ለጋብቻ ነው አይደል? እንኳን ደስ አላችሁ!" አለን። ክፋት የለውም፤ ደስ ብሎት ነው። ግን የ2010 መስኮት ድቅን አለብኝ። ሲስተር አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በር ቆልፋ የጠበቀችውን ሰውዬው በአንድ ማህተም ከፈተው። ማህተሙን ለሷ መስጠት ያን ያህል ከባድ ነው?

ኮከብ እንደ ልማዴ፦ ለሲስተር አምስት ከአምስት፤ ከዚያ በላይ ቢኖር እሰጥ ነበር። ለዋጋው አምስት። ለአግዳሚው ሁለት። ለማህተሙ ኮከብ የለኝም። ሰኞ አትሂዱ፤ ሐሙስ ጠዋት ጥሩ ነው። ጥንድ ከሆናችሁ አብራችሁ ግቡ፣ ግን ያቺን ጥያቄ እቤት ተለማመዷት። ሰዓቱን እያያችሁ እንዳትቀሩ።

እማማ ባለፈው ሳምንት ጋቢና ገብተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመጡ ቁጥር በፌስታል ነጭ ሽንኩርት ያመጡልኛል። ሐረጎን ስንጀምር "ግፊቱ እንዴት ሆነልህ?" አሉኝ። ውሸቱ ሰለቸኝ።

"እማማ፣ ግፊት የለብኝም። ያን ቀን ለኒካ ልመረመር ነበር የሄድኩት። ከጎን ያለው ክፍል።"

ሁለት ኩርባ ያህል ዝም አሉ። ዱዓውንም ተዉት።

"እና እንዴት ሆናችሁ?"

"ደህና ነን።"

"አልሐምዱሊላህ።" ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዞር ብለው አዩኝ። "ታዲያ ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ምን አደረግኸው?"